ትልቁን ስክሪን ማን ይግዛው?

ጎንደር ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍ የት እንደሚገኝ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ይግባ። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ ተማሪው ፋይሉን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ያቀብላል፤ ባለ ማሽኑ ሁለት ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት ላይ አሳንሶ ያትምና ጠርዞ ይሰጠዋል። ከሦስት ሺህ ገጽ የሚያልፈውን የውስጥ ደዌ መጽሐፍ ግን የሚያሳትም የለም። እሱ የሚነበበው በስልክ ነው።

አነባበቡን እንየው። የኤ4 ወረቀት ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የስልኩ 7 ያህል። ገጹ ወደ ሲሶ ወረደ ማለት ነው። ተማሪው መስመሩን በጣቱ ያሰፋል፣ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ወደ ግራ ይመልሳል፣ መስመር ይስታል። የመድኃኒት መጠን ሠንጠረዥ ሲመጣማ የዓምዱ ርእስ ከላይ ቀርቶ ቁጥሩ ብቻውን ይታያል፤ በሕክምና ትምህርት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ማንሳቴ፣ ትልልቅ የኢ-ኢንክ ማንበቢያዎች (ስክሪናቸው ወረቀት የሚመስል የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዎች) ገበያ አላቸው ወይ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር መልሱ የሚለካው በአሜሪካና በአውሮፓ ገዢ ስለሆነ ነው። በዚያ መለኪያ ታሪኩ የኪሳራ ታሪክ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 ባለ 9.7 ኢንቹን ኪንድል ዲኤክስ ለመማሪያ መጽሐፍና ለጋዜጣ ብሎ በ489 ዶላር አወጣ። ፕሪንስተንን ጨምሮ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ሞከሩት፤ ተማሪዎች ኅዳግ ላይ ማስታወሻ መጻፍ አስቸገረን ብለው አማረሩ። በዓመቱ አፕል በተመሳሳይ መጠን፣ ባለ ቀለሙንና ፈጣኑን አይፓድ በ499 ዶላር ይዞ መጣ። ፕላስቲክ ሎጂክ የተባለው ኩባንያ «ኪው» የተሰኘውን ትልቅ ማንበቢያውን አስተዋውቆ ለሽያጭ ሳያበቃው በ2010 ሰረዘው፤ የኔዘርላንዱ ማንበቢያ አምራች አይሬክስም በዚያው ዓመት ከሰረ። ገበያው ነፍስ የዘራው የኖርዌዩ ኩባንያ ሪማርከብል በ2017 መሣሪያውን የሚጻፍበት ደብተር ካደረገው በኋላ ነው። አማዞንም በ2022 ኪንድል ስክራይብን ከነብዕሩ በ340 ዶላር ገደማ አቅርቦ ተመለሰ።

ከዚህ ተነሥተው ነጋዴዎቹ «ትልቅ ስክሪን የሚፈልገው ስብሰባ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ለንባብ ትንሹ ይበቃል» ወደሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። ለእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አንባቢ እውነት ነው። ፋይሉ ንጹህ ጽሑፍ ስለሆነ ፊደሉን ቢያሳድገው መስመሩ ራሱን ከስክሪኑ ልክ ጋር ያስተካክላል። የአማርኛ አንባቢ ግን ይህ ዕድል እምብዛም የለውም። በድረ ገጽ የምናገኛቸው መጻሕፍታችን አብዛኞቹ ስካን የተደረጉ የገጽ ፎቶዎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየድርጅቱ ፎንት የተተየበው ሁሉ ከገጹ ሲወጣ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ገጹን እንዳለ ከማየት ሌላ ቀላል መንገድ የለም፤ ገጽን እንዳለ ለማየት ደግሞ ገጽ የሚያህል ስክሪን ያስፈልጋል። የ6 ኢንች ማንበቢያ ስክሪን (ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ነው) ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። የ13.3 ኢንቹ ከ20 ስለሚያልፍ ኤ4ን ሳይቀንስ ሊይዘው ምንም አልቀረውም። እኛ የምንፈልገው ይኸኛውን ነው፤ የሚያሳዝነው ውዱም እሱ መሆኑ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቶቹንም አልረሳሁም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ ካጋዟቸው መጻሕፍት በመቶ የሚቆጠሩትን እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ለንደን ወስደዋቸዋል። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ 350 ያህል የመቅደላ ብራናዎች ሲኖሩ ከእነሱ ብዙዎቹ በዲጂታል ፎቶ ተነሥተዋል። የጎንደር ሊቅ የአገሩን መጽሐፍ በፎቶ ለማየት የሚያስፈልገው ሰፊ ገጽ ነው፤ ብራናው በሁለትና በሦስት ዓምድ የተጻፈ ነውና። አንድ ጉድለት ግን አለ። ጥቁርና ነጩ ኢ-ኢንክ በቀይ የተጻፈውን የቅዱሳን ስም ወደ ግራጫ ይለውጠዋል። ባለ ቀለም ኢ-ኢንክ መጥቷል፤ ቀለሙ ግን የደበዘዘ ነው።

የኤሌክትሪክ ነገር ለዚህ መሣሪያ ያደላል። በስክሪኑ ውስጥ ያሉት ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት ገጽ ሲቀየር ብቻ ስለሆነ አንዴ ተሞልቶ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ያገለግላል። መብራት በሚጠፋባት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገዢው ልብ ሊለው የሚገባው ግን ዲኤክስም ሆነ ሪማርከብል 2 የራሳቸው መብራት እንደሌላቸው ነው፤ በጨለማ ያለ ሻማ አይነበቡም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ስክራይብ አለው።

ዋጋውስ? ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ተወድዷል። 400 ዶላር፣ ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይጨመር፣ ለአንድ መምህር የወራት ደመወዝ ነው። ተማሪው በግሉ ይገዛል ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ካለ ከወዲሁ ይተወው። ገዢው ቤተ መጻሕፍት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መጻሕፍት ይማራሉ፤ መጻሕፍቱ የተጫኑበት መሣሪያ በመታወቂያ እየተዋሰ ለተከታታይ ተማሪዎች ሊያገለግል ይችላል። ገጹን በ3 ብር እንኳ ብናስብ፣ 20 ሺህ ገጽ ለማሳተም 60 ሺህ ብር ይጠይቃል፤ ሕትመቱ በማግስቱ አዲስ እትም ሲወጣ ያረጃል። ፋይሎቹ በሕጋዊ መንገድ እንዲገዙ ማድረግም ከተማሪው ይልቅ ለተቋም ይቀላል።

የሚያሰጋኝ መስታወቱ ነው። የአብዛኛው ኢ-ኢንክ ስክሪን ጀርባ ስስ መስታወት በመሆኑ ቦርሳ ውስጥ ከተጫነው ይሰነጠቃል፤ ስክሪኑን መቀየር ደግሞ የመሣሪያውን ዋጋ አብዛኛውን ይወስዳል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ጨረታ ቢያወጣ ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጠንካራ ሽፋን፣ መለዋወጫ ስክሪንና እዚሁ ጎንደር የሚቀመጥ ጠጋኝ ነው። ይህን የሚያቀርብ አስመጪ ከተገኘ በጥቂት ደርዘን መሣሪያዎች፣ በአንድ የትምህርት ክፍል ይጀመር፤ ካልተገኘ ገንዘቡ ለወረቀት መጽሐፍ ይዋል።