ማስተካከያ፦ ኬን ቡካናን የዓለም ክብሩን ስላጣበት ፍልሚያ

ስለ ስኮትላንዳዊው ቡጢኛ ኬን ቡካናን ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የኤድንብራው ተወላጅ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1972 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሮቤርቶ ዱራን ንጹሕ ቡጢ ተዘርሮ የቀላል ክብደት የዓለም ሻምፒዮንነት ክብሩን እንዳጣ ተገልጾ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም።

የ13ኛው ዙር ማብቂያ ደወል ከተደወለ በኋላም ሁለቱ መሰናዘራቸውን ሲቀጥሉ፣ ቡካናን ከወገቡ በታች ተመትቶ በሕመም ወደቀ፤ የመሐል ዳኛው ጆኒ ሎቢያንኮ ግን ምቱ ያረፈው ሆዱ ላይ ነው በማለት፣ ቡካናን መቀጠል እንደሚችል ቢናገርም ፍልሚያውን አስቁመው ድሉን ለዱራን ሰጡ። እስከዚያ ድረስ በሦስቱም የነጥብ ሰሌዳዎች ይመራ የነበረው ዱራን መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ሆኖም ይህ የአጨራረሱን በደል አያስተካክለውም፣ የመልስ ፍልሚያም ለቡካናን ከቶ አልተሰጠውም።

በዚያው ጽሑፍ ቡካናን፣ የየራሳቸውን የዓለም ሻምፒዮንነት ክብር ከሚሰጡ ድርጅቶች አንዱ የሆነውን የዓለም ቦክስ ምክር ቤትን (WBC) ክብር ተሸንፎ እንዳጣ የተጠቀሰውም መታረም አለበት። ምክር ቤቱ ክብሩን በ1971 የነጠቀው ስፔናዊውን ፔድሮ ካራስኮን ከመግጠም ይልቅ ከፓናማው ኢስማኤል ላጉና ጋር ዳግም ለመፋለም በመምረጡ ነው። ቡካናን ላጉናን መጀመሪያ ያሸነፈው በ1970 በፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን፣ በሚያቃጥል ፀሐይ 15 ዙር ተፋልሞ ሲሆን፣ የገዛ አገሩ የብሪታኒያ የቦክስ ቁጥጥር ቦርድ እንኳ ያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ብሎ አልተቀበለውም፤ ስሙ ከሚገባው በታች የተነሣውም በከፊል በዚህ የተነሣ ይመስለናል።