የማዲሰን ዛር

ባለፈው ቅዳሜ የሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረን። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ የእንግዳ መኪና ማቆሚያ። ለአንድ ቤት አንድ ይሁን ሁለት? በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። ያኔ ነው አንዱ ጎረቤቴ ብድግ ያለው። እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና ውዳሴ ማርያም የምታህል መጽሐፍ አወጣ። ሕገ መንግሥቱ ናት። ጉሮሮውን ጠረገና «መስራች አባቶቻችን ይህን አላሰቡም» አለ።

እውነቱን ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ስለ ኮሮላ አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም።

ሰውዬው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሕገ መንግሥቱን ካረቀቁት አንዱ የሆነው ጀምስ ማዲሰን በሕይወት ቢኖር ሁለት ማቆሚያ ይፈቅድልን እንደነበር አረጋገጠልን። ሌላዋ ጎረቤታችን ተነስታ «የለም! ማዲሰን የቦርዱን ሥልጣን ነበር የሚያከብረው» አለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ማቆሚያው ዛሬም አልተወሰነም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች እናንተም ሠፈር አይጠፉም። በቴሌቪዥን ይናገራሉ፣ በጁላይ 4 ጥብስ ላይ ይናገራሉ፣ ልጅ ሊወስዱ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ይናገራሉ። መንግሥቱ ከመስራቾቹ ሐሳብ ወጥቷል ይሉናል። መቼ ወጣ ሲባሉ፣ እነሱ የመረጡት ሰው የተሸነፈ ዕለት።

እኔ እነዚህን ሰዎች ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ቀላል ሥራ አይደለማ! በ1787 ፊላደልፊያ ላይ፣ ሕገ መንግሥቱ በተረቀቀበት ጉባኤ፣ 55 ሰዎች ተሰበሰቡ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። በር ላይ ዘብ አቆሙ። የተባለውን ነገር ላናወጣ ብለው ተስማሙ። ማዲሰን በየዕለቱ የያዘው ማስታወሻ እንኳ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1840 ነው። የታሪክ ምሁራን ዕድሜያቸውን የሚፈጁበት ይህ ምስጢር ለጎረቤቴ በአንድ ቢራ ይገለጥለታል። አበጀህ የኔ ጌታ!

በኛ አገር ዛር የሚባል ነገር አለ። ዛሩ ሲነሳ ፈረሱ ላይ ሆኖ ያጓራል፤ ጥቁር ዶሮ አምጡ፣ ሽቶ አምጡ፣ ቡና አፍሉ ይላል። አያቴ ጎረቤት የነበረች አንዲት ባለዛር ትዝ ትለኛለች። ዛሯ ቡና የሚጠይቀው እሷ ራሷ ቡና አጥታ የዋለች ዕለት ነው። የማዲሰን ዛርም እንደዚሁ ነው። ጠመንጃ የሚወድ ሰው ላይ ሲወርድ ጠመንጃ ይጠይቃል። ግብር የሚጠላ ሰው ላይ ሲወርድ ግብር ቀንሱ ይላል። ፕሬዚዳንቱ የተቃራኒው ወገን ከሆነ «ሥልጣኑ በዛ!» ብሎ ያጓራል። ከአራት ዓመት በኋላ ፈረሱ የመረጠው ሰው ሲገባ፣ ያው ዛር ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ጠንካራ መሪ እኮ ነበር የፈለግነው» ይላል።

የማንኛው መስራች ሐሳብ ነው ግን? ሃሚልተን በዚያው ጉባኤ ላይ ቀኑን ሙሉ ሊባል በሚችል ንግግር፣ መሪው ጥፋት እስካላጠፋ ዕድሜ ልኩን ይግዛ ብሏል። ጀፈርሰን ጉባኤው ላይ አልነበረም፤ ፓሪስ ነበር። በ1789 ከዚያው ለማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ ምድር የሕያዋን ናት፣ ማንኛውም ሕገ መንግሥት በ19 ዓመት ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል አለ። ልብ በሉ፤ ሰውዬው እንደ ወተት ቀን ጽፎበት ሄዷል። የ81 ዓመቱ ፍራንክሊን በመጨረሻው ቀን፣ እዚህ ውስጥ ለጊዜው የማልስማማበት አለ ብሎ ፈረመ። እስከ መጨረሻው የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ደግሞ አንፈርምም አሉ። የኛ ባለዛሮች ዘንድ ግን ሁሉም አንድ ልብ፣ አንድ ቃል ናቸው።

የኔን ተወዳጅ ግን ገና አልነገርኳችሁም። ዋሽንግተን በ1796 የስንብት መልእክቱን በጋዜጣ አወጣ። ከመልእክቱ ዋና ዋና ማስጠንቀቂያዎች አንዱ፣ የፓርቲ ወገንተኝነት አገር ያፈርሳል የሚል ነው። ሴኔቱ ይህን በጣም ያከብራል። ከ1896 ጀምሮ በየዓመቱ በልደቱ ሰሞን አንድ ሴናተር ቆሞ 7,641ዱንም ቃል ያነብባል። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንባቢው እንዴት ይመረጣል? በፓርቲ ተራ! ዘንድሮ የዚህኛው ፓርቲ ሰው፣ ከርሞ የዚያኛው። አንብቦ ሲጨርስ በቆዳ በተለበጠ መዝገብ ላይ ስሙን ያሰፍራል።

ይህን በኛ እናድርገው። አንድ ሠፈር ውስጥ ሁለት ሉካንዳ ቤቶች አሉ እንበል። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ስለ ጾም የተጻፈ ድርሳን ይነበባል። ዘንድሮ የላይኛው ሉካንዳ ተራ ነው። ባለቤቱ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ቢላዋውን መታጠቂያው ላይ እንደሰካ ይቆማል። ከበስተኋላው ሽንጥ ተሰቅሏል። «ሥጋ ነፍስን ያጠፋል» ብሎ በተመስጦ ያነብባል፤ ድምፁ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። የታችኛው ሉካንዳ ባለቤት ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ በልቡ ግን ከርሞ እኔ የተሻለ አነባለሁ ይላል። «ባለፈው ዓመት እናንተ ናችሁ ያነበባችሁት፣ ዘንድሮ የኛ ነው» የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሳ መዝገብ ተዘጋጅቷል። ደም የነካው ጣት መዝገቡ ላይ ይፈርማል። «ግሩም ቃል ነው!» ይባባላሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየሱቁ ይመለሳል። ኪሎ ቁርጥ ስጡኝ የሚል ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው።

የት ነበርን? አዎ፣ ምስጋናው ላይ።

የሚያስቀኝ ደግሞ ይሄ ነው። መስራቾቹ በግልጽ የጻፉት ነገር ላይ ዛሩ አይወርድም። ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለኮንግረስ ሰጡ። ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጀው በ1942 ነው። ኮሪያ፣ ቬትናም፣ ኢራቅ ሁሉም ያለ አዋጅ ተኬደባቸው። ዋሽንግተን ጉባኤውን ሲመራ አፉን ዘግቶ ከርሞ፣ በመጨረሻው ቀን ተነስቶ ያሳሰበው አንድ ነገር ነበር፤ በኮንግረስ አንድ ተወካይ ለ40 ሺህ ሰው ከሚሆን ለ30 ሺህ ይሁን አለ። እሺ ተባለ። ዛሬ አንድ ተወካይ የሚወክለው ወደ 760 ሺህ ሰው ነው። ጎረቤቴ ይቺን ለመናገር መጽሐፏን ከኪሱ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም። ለመኪና ማቆሚያ ግን ያወጣታል።

ከስብሰባው ስንወጣ አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን፣ ያገሬ ሰው ናቸው፣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ሰውዬው እኮ እውነቱን ነው። ወደ መስራቾቹ ሐሳብ መመለስ አለብን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ወደዚያ ከተመለስን እኔና እርስዎ እዚያ ስብሰባ ላይ ወንበር የለንም» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። እኔና ጋሼ ዜግነት ስንወስድ 100 ጥያቄ አጥንተን፣ እጃችንን አንስተን ምለን ነው። የመጀመሪያው ኮንግረስ በ1790 ያወጣው ሕግ ግን መጤ ዜጋ መሆን የሚችለው ነፃ የሆነ ነጭ ሰው ብቻ ነው ይል ነበር። ዋሽንግተን ራሱ ነው የፈረመበት። ለጥቁር መጤ በሩ የተከፈተው ከ80 ዓመት በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር አለ፤ ለባሪያው ድምፅ ለመስጠት አይደለም፣ ለጌታው ተጨማሪ ወንበር ለመስጠት ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግን «ባሪያ» የምትለዋን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፏትም። አፍረው ነበራ! የሚያፍሩበትን እያወቁ አደረጉት። ከቤቴ ሳልርቅ፣ ዱክ ጎዳና ላይ፣ የባሪያ ነጋዴዎች ቢሮ የነበረው ሕንፃ አሁንም ቆሟል፤ ሙዚየም ሆኗል። ሰው እዚያ ታጉሮ ወደ ደቡብ ይነዳ ነበር። ይህን የለወጠው የመስራቾቹ ሐሳብ አይደለም። ከ600 ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ ሐሳባቸውን አንቀበልም ያሉ ሰዎች ናቸው። እና አንዱ ተነስቶ «ወደ ጥንቱ እንመለስ» ሲል፣ የማን ጥንት ነው? የማን?

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «እሱስ ልክ ነህ። ግን ማቆሚያው ሁለት ቢሆን አይሻልም?» አሉኝ።

ቀጣዩ ስብሰባ ለመጪው ወር ተቀጥሯል። የቦርዱ ጸሐፊ አጀንዳውን በኢሜይል ልኮልናል፤ አንደኛ የእንግዳ ማቆሚያ፣ ሁለተኛ ካለፈው የቀጠለ ውይይት። እኔ በበኩሌ ተዘጋጅቻለሁ። ጀበናዬንና ዕጣኔን ይዤ እገባለሁ፤ ዛሩ ከወረደ አይቀር በወጉ ይስተናገድ። ጥቁር ዶሮም አስቤ ነበር። የሕንፃችን ደንብ ዶሮ ማስገባት ይከለክላል። ፍራንክሊን ቢኖር ግን ይፈቅድ ነበር።