እርማት፦ የቦቢን ሐውልት ያሠራው ከንቲባው አይደለም

«የኤድንብራው ከንቲባ ዊሊያም ቻምበርስ ለታማኙ ውሻ ለቦቢ ሐውልት አቆመለት» ብለህ ጽፈሃል። ቦቢ በስኮትላንዷ ከተማ በኤድንብራ የጌታውን መቃብር ለዓመታት ጠበቀ የሚባልለት ውሻ ነው። ስለ ሐውልቱ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው። ግን ልክ አይደለም። ሐውልቱን ያሠራችው ባለጸጋዋ ባሮነስ አንጀላ በርዴት ካውትስ ናት። የቆመው በ1873 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ቻምበርስ ደግሞ ሥልጣኑን የለቀቀው በ1869።

እሱ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። በ1867 ለውሻ ይከፈል የነበረውን የቦቢን የፈቃድ ክፍያ ከኪሱ ሸፈነ፤ ስም የተቀረጸበት የአንገት ማሰሪያም ሰጠው። ማሰሪያው ዛሬም ኤድንብራ ሙዚየም ውስጥ አለ። ስህተቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሰውየው በውሻ ብቻ መታወሱ ነው። በ1800 ፒብልስ የምትባል የስኮትላንድ ከተማ ተወለደ። የአባቱ ንግድ ከሰረና ቤተሰቡ ኤድንብራ ገባ። በ1814 መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ለአምስት ዓመት ተለማማጅ ሆነ፤ ክፍያው በሳምንት 4 ሺሊንግ ነበር። እንደጨረሰ በ1819 ሊዝ ዎክ ጎዳና ላይ የራሱን ትንሽ የመጽሐፍ ንግድ ጀመረ። አሮጌ የእጅ ማተሚያ ገዝቶ፣ ፊደሉን ራሱ እየለቀመ ያትም ነበር። ከወንድሙ ከሮበርት ጋር ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት የኋላ ኋላ ስመ ጥር ሆነ።

ከንቲባ የሆነው በ1865 ነው። ሐውልት ካነሳንማ የሱም አለ፤ በስሙ በተሰየመው ቻምበርስ ጎዳና ላይ ቆሟል። የቅዱስ ጃይልስን ቤተ ክርስቲያንም በገዛ ገንዘቡ አሳድሷል። ቤተ ክርስቲያኑ በግንቦት 1883 እንደገና ሲከፈት ግን አላየውም። ከሦስት ቀን በፊት አርፎ ነበር።