ባለቤቱ የተገለለበት የቅርስ ጥበቃ
የፎክሎር (የሕዝብ ተረት፣ ግጥምና ልማድ ጥናት) ተማሪ ሆኜ በሕዝባዊ የባህል ቅርስ መርሐ ግብሮች ውስጥ በተግባር ስሠራ ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ፣ ተረቱን የሚተርቱትና እንጉርጉሮውን የሚያንጎራጉሩት ሰዎች በገዛ ቅርሳቸው ላይ እንግዳ መደረጋቸው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው ኢ-ቁሳዊ ባህላዊ ቅርስን (እንደ ተረትና እንጉርጉሮ ያለውን፣ በእጅ የማይዳሰሰውን ቅርስ) የመጠበቅ ስምምነት በአንቀጽ 15፣ ቅርሱን የሚፈጥሩ፣ የሚንከባከቡና የሚያስተላልፉ ማኅበረሰቦች በተቻለ መጠን በሰፊው እንዲሳተፉና በአስተዳደሩም በንቃት እንዲካተቱ ይጠይቃል። እኔ ባየኋቸው መድረኮች ግን ለረጅም ሰዓት የሚዘልቅ የለቅሶ ግጥም በጥቂት ደቂቃ ተቆርጦ ይቀርባል፤ አልቃሿ ለማን እንደምታለቅስ፣ ግጥሙን የሚቀበሏትም እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም። ክዋኔ፣ ማለትም ግጥሙ ወይም ተረቱ በሰው ፊት የሚቀርብበት ድርጊት፣ ከዐውዱ ሲነጠል ትርጉሙ እንደሚጎድል (ይህ ደግሞ ማንም አድማጭ የሚያውቀው ነገር ነው) ለአዘጋጆቹ ባስረዳም፣ ያገኘሁት መልስ የታዳሚውን ቁጥር በቅጹ ላይ እንድሞላ ብቻ ነበር። ያ ቅጽ ከአዛውንት ወደ ልጅ ስለተሻገረ አንድ ተረት እንኳ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። የቀረጽነው ድምፅም ማን፣ መቼና ለማን እንደተናገረው ሳይመዘገብ ተከማችቶ ይቀራል። ቢያንስ ቅጂው ለተራኪዎቹ ይሰጥ ብዬ ብለምን በጀት የለም ተባልኩ፤ አዳራሹን ለማስዋብ የተገኘ ገንዘብ ለባለቤቶቹ ድምፅ እንዴት እንደሚጠፋ ግን እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም።