ስንተኛ ወጣህ? ለምትሉ ሁሉ እግዜር ይስጥልን

እውነቱን እንነጋገር ካልን የዚህ አገር ልጅ እስካሁን ያልተበላሸው በናንተ ነው፣ እንግድነት መጥታችሁ ገና ወንበር ሳትይዙ ቡናው ሳይቀርብ "ና እስቲ ጎረምሳው፣ ስንተኛ ወጣህ?" በምትሉት ጋሼዎችና እትዬዎች። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ፣ ጓደኛ አለህ ወይ፣ ምናምን ብሎ ጊዜ ማቃጠል የለም፣ ቀጥታ ወደ ቁም ነገሩ።

በካርድ ሰሞን አንድ ቤት ያየኋቸው ጋሼ ግን ከሁሉም ይለያሉ። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ድምፁ ገና መጎርነን ጀምሮት አንዴ ቀጭን አንዴ ወፍራም የሚወጣበት፣ ግንባሩ በብጉር የተሞላ፣ እያፈረ "ሶስተኛ" አለ። ጋሼ መነፅራቸውን አድርገው ካርዱን ከላይ እስከ ታች አነበቡና "ሁለቱ ምን የተለየ በልተው ነው የበለጡህ?" እናትየው ፈንድሻ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ሸሸች። ምክር ማለት ይሄ ነው በቃ፣ ልጁ አሁን የሁለቱን ምሳ ዕቃ እየከፈተ ሲያጣራ ይውላል ብዬ እገምታለሁ።

ትምህርት ቤቶቻችንም አይታሙም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አምጥቷል፣ ስፖርቱም እንደ ድሮው ፕሮግራሙ ላይ ተፅፏል፣ ግን ፈተና ሲደርስ ሁለቱም ክፍለ ጊዜ የሂሳብ ሜካፕ ይሆናል፣ ኳሷም ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፎባት እረፍቷን ትወስዳለች (ከሁሉም እረፍት ያገኘችው እሷ ናት)። ልጁ ቤት ሲገባ ቱቶር ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ከቱቶር በኋላ ወርክሺት፣ ቅዳሜ ደግሞ የቅዳሜ ክላስ፣ ከዛ ሲነጫነጭ "ስልክ ነው ያበላሸው" እንላለን።

እና ደሞ ሰርቷል እኮ! የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ልጅ ወስዶ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ሰው ይሄን ሰምቶ ደነገጠ፣ እኔ ግን አልደነገጥኩም፣ እነሱም ጋ እኮ በየክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበር፣ ሰኔ ላይ ተጨብጭቦለታል፣ ደብተር ተሸልሟል፣ ቤተሰብ ፎቶ ተነስቷል። ዋናው ከጎንህ ያለውን መብለጥህ ነው እንጂ ማወቅ አለማወቅህን ማን ጠየቀህ።

ከካርዱ ሁሉ እኔ የምወደው ግን ከታች ያለችውን "ጠባይ" የምትለዋን ነው። መስከረም ላይ ክፍሉን በሳቅ ሲገድል የነበረ ልጅ ጥር ላይ ጭጭ ይላል፣ በእረፍት ሰዓት ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ምሳውን ሳይነካው ይመልሳል፣ ማንም ምን ሆንክ አይለውም። ሰኔ ላይ ካርዱ ሲመጣ፦ ጠባይ ኤ። የክፍል ኃላፊ አስተያየት፦ "ዘንድሮ በጣም ተሻሽሏል፣ በዚሁ ቀጥል"።