ሃያ ፊት ያለው ዳይስና ጎረቤቴ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው ጨዋታ ለአጋንንት በር ይከፍታል ይላል። እኛ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ አራት ሆነን እንጫወተዋለን። ሁለታችን ሙስሊም፣ አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዷ ጴንጤ። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ እንገናኛለን። በሁዳዴ ቆሎ ይቀርባል። (ቡናማ ሁሌም አለ፤ ጅማ ነው እኮ!)

አንዱ ተረት ያወራል፤ ሌሎቻችን ገጸ ባሕርይ ይዘን እንመልሳለን። ያሰብነው ይሳካ አይሳካ፣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ (ቁጥር ያለበት መወርወሪያ) ይወስናል። አስማተኛ ሆኜ «አስማት ሠራሁ» ስል ወረቀት ላይ ቁጥር ይቀነሳል፣ በቃ።

ክሱ የቆየ ነው። ጨዋታው አሜሪካ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. ወጣ። ልጇ ራሱን ያጠፋባት ፓትሪሺያ ፑሊንግ በ1983 እ.ኤ.አ. ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች። የእናት ሐዘን አይናቅም። ግን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጨዋታው ራስን ለማጥፋት ምክንያት ነው የሚል ማስረጃ አላገኙም።

አጎቴ ልጆቻቸውን ከልክለዋል። ቤታቸው ነው፣ መብታቸው ነው። እሳቸው ሲመጡ እኛም ዳይሱን ከፊታቸው እናነሳለን። አምና ግን አንድ ጎረቤት ደብተራችንን ምድጃ ውስጥ ከተተው። የስድስት ወር ታሪክ! የእኔ መቻቻል እዚያ ላይ አለቀ። ሰላም እለዋለሁ፤ ቡና ግን አልጠራውም።