ቡና አንቲባዮቲክን አያረክሰውም

ወንድሜ፣ "አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ቡና ከጠጡ መድኃኒቱ ይረክሳል" ብለሃል። እዚህ ባሕር ዳርም ቡና በተፈላበት ሁሉ ይወራል፤ ግን ልክ አይደለም። ለምሳሌ አሞክሳሲሊን በቡና ኃይሉን አያጣም።

ጥንቃቄ ከሚፈልጉት አንቲባዮቲኮች አንዱ ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) ነው። እሱም ቢሆን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መድኃኒቱ ነው ቡናው ላይ የሚሠራው። ጉበታችን ካፌይንን የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ሲፕሮ ያዳክመዋል፣ ካፌይኑም ሰውነት ውስጥ ይቆያል። የዘጌን ቡና ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ልቡ ድው ድው ሊል፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ሊያድር ይችላል። ጠዋት "መድኃኒቱ አልተስማማኝም" ብሎ ያቆመዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቡናው እንዳይቀርበት ኪኒኑን የሚዘልም አለ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል፣ ኢንፌክሽኑ ሊያገረሽበት ይችላል። ሲፕሮ የታዘዘለት ሰው እስኪጨርስ ቡናውን ይቀንስ ወይም ይተው፤ ኪኒኑን ግን አይዝለል።

መድኃኒቱን በትክክል የሚያዳክመው ወተት ነው። ካልሲየሙ ሲፕሮንና ዶክሲሳይክሊንን ይይዝና ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። ሲፕሮን በማኪያቶ የሚውጥ ካየህ አስቁመው፤ በውሃ ነው የሚዋጠው።